ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ

መጋቢት 4

ዛሬም ዘነበ። ሌላው አገር ሰው ዝናብ ይለምናል፤ እኔ ፀሐይ ስለምን ዋልኩ። የጣቢያችን የጎርፍ ውሃ ፈቃድ፣ ዝናብ ግቢውን አጥቦ ወደ ጅረቱ ለሚያወርደው ውሃ የሚሰጠው፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያበቃል። ለማሳደስ ናሙና ያስፈልጋል። ያውም ሦስት ቀን ደርቆ ከርሞ የሚጥለው ዝናብ፣ ገና በቦዩ መውረድ ሲጀምር የሚቀዳ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ቦንጋን ረግጦ አያውቅም መሰለኝ። እዚህ ሦስት ቀን ሳይዘንብ የሚያልፈው መቼ ነው?

ጥበቃዎቹ «ትሁት፣ ዛሬም ጸሎትሽ አልተሰማም» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ። ቦቲዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ካልሲዬን ቦይለሩ አጠገብ ሰቅዬ አደረቅኩ። የቡና ገለባና ሰጋቱራ አንድዶ መብራት የሚያመነጭ ቦታ መሥራት ይሄ ጥቅም አለው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ እንግዲህ... ካልሲ አድራቂ።

መጋቢት 11

ሦስተኛ ደረቅ ቀን። ማመን አቃተኝ። ማኔጀራችን አብዮት ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ተዘጋጂ» አለኝ። ጠርሙሶቹን አጣጠብኩ።

ከሰዓት ከገለባው ክምር ጀርባ ዞሬ አየሁ፣ አመድ የምንደፋበትን። ሞልቶ ቦዩ አፍ ድረስ ወርዷል። ከወር በፊት መነሣት ነበረበት። ለአብዮት ነገርኩት።

«ከፈቃዱ በኋላ እናስነሣዋለን።»

ከፈቃዱ በኋላ? እና ፈቃዱ ለምኑ ነው? ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ «እሺ» አልኩ።

መጋቢት 12

ጣለ። ከሰዓት ቤት ነበርኩ፣ ጥበቃው ደወለልኝ፣ በባጃጅ በረርኩ። ደርሼ ቦዩን ሳየው ውሃው ጥቁር ነው። መጥቆር ብቻ አይደለም፣ አረፋ ይዟል። ጠርሙሱን ከፍቼ ጎንበስ ስል አብዮት መጣና ጃንጥላውን በላዬ ያዘልኝ።

«ትንሽ ይጥራ» አለኝ።

«መመሪያው ግን...»

«መመሪያውን አውቀዋለሁ። ይሄን ላብራቶሪ ብንልከው ጣቢያው ይዘጋል። ስንት ሰው ነው እዚህ እንጀራ የሚበላው? ትንሽ ይጥራ ነው ያልኩሽ።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፤ እልህ ይይዘኝና እቀዳው ነበር። እሱ ራሱ እየረጠበ ለኔ ጃንጥላ ይዞ በቀስታ ሲያናግረኝ... ቆምኩ። ስለ ልጁ ፈተና አወራን። ውሃው ሳሳ፣ ነጣ ነጣ አለ፣ መጨረሻ ላይ ጥርት አለ። ያኔ ቀዳሁ። ጠርሙሱ ላይ ዝናቡ የጀመረበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ የቀዳሁበትን አይደለም።

በርዶኝ ነበር፤ ቤቴ መግባት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

መጋቢት 15

ጋሽ ከፈለኝ ጣቢያው በር ድረስ መጡ። ከኛ በታች ጅረቱ ዳር የቡና ችግኝ አፍልተው ይሸጣሉ። ከእናቴ ጋር አንድ እድር ናቸው፤ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ሁለት ችግኝ ከነከረጢቱ አቅፈው ቆመዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተቃጥሏል።

«ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ይሄ ምን ነካው?»

ገና ሳየው ገባኝ። አመድ ያለበት ውሃ ሲጠጣ የከረመ ችግኝ ነው። እሳቸው ውሃ የሚቀዱት ቦያችን ጅረቱ ውስጥ ከሚገባበት ዝቅ ብሎ ነው። ይሄን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

«ፍጉ ይሆናል» አልኩ። «በደንብ ሳይብላላ ጨምረውት ይሆናል።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«እበቱን የምትሰበስበው ይመኙሻል ናት» አሉ፤ ሚስታቸውን ነው። «ቸኩላ ነው። እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

አልጠረጠሩም። እኔ ስላልኩ ነው አሁን የጠረጠሩት። አመሰገኑኝ፣ ለእናቴም ሰላምታ ላኩ። ችግኞቹን እንደ ታመመ ልጅ ደረታቸው ላይ ይዘው ተመለሱ።

መጋቢት 16

ለምን ፍግ አልኩ? «አላውቅም» አይባልም? «አይቼ ልንገርዎት» አይባልም?

መጋቢት 25

ውጤቱ መጣ። ሁሉም ከሚፈቀደው በታች። አብዮት እጄን ጨበጠኝ፣ ለቢሮው ሁሉ የጾም በያይነት ጋበዘ። ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። «ምነው፣ አሞሻል?» ይሉኛል። ሆዴን ነው አልኩ። ይሄኛው እንኳን እውነት ነው።

መጋቢት 29

የታችኛው መንደር ስብሰባ። ፈቃድ ሲታደስ ከጣቢያው በታች የሚኖሩ ሰዎች ቅሬታ እንዳላቸው መጠየቅ አለባቸው። ከዞኑ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ፈቃዱን የምትመረምረው ሰብሌ መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ አትቸኩልም። ከሌላ ቦታ ተመድባ ስለመጣች ግን የአገሬውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ አትሰማም።

ጋሽ ከፈለኝ ተነሡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ለስብሰባው ብለው። «የዚህ ጣቢያ ባለሙያ የኛው ልጅ ናት። ችግኜ ሲታመም ሄጄ ጠየቅኳት፣ ሳትደብቅ ጥፋቱ የራሴ ቤት መሆኑን ነገረችኝ። እሷ እያለች እኛ ስጋት የለንም።» ተጨበጨበ። ለኔ። ፊቴ ቅጥል አለ፤ ሰው አፈረች ብሎ ሳቀ።

ከኋላ እትዬ ይመኙሻል ቆሙ። በካፊኖኖ ነበር የተናገሩት። ዝናብ ሲጥል ጅረቱ ለምን ይጠቁራል? ይሄው ነው ያሉት። ጋሽ ከፈለኝ ዞር ብለው «ተይ እስቲ፣ የተማረ ሰው ተናግሮ የለ» አሏቸው። ተቀመጡ።

ሰብሌ ወደኔ ጠጋ አለች። «ምን አሉ?»

«ስለ ችግኛቸው ነው» አልኩ።

ጭራሽ አስተርጓሚም ሆንኩ። አንድ ሴት ደፍራ የጠየቀችውን ጥያቄ መሐል ላይ ተቀብዬ ዋጥኩት። እትዬ ይመኙሻል ከዚያ ሆነው ያዩኝ ነበር። ከንፈሬን አይተው ይሆን? አማርኛ እኮ ይሰማሉ።

ሚያዝያ 2

ለእነ ጋሽ ከፈለኝ እውነቱን ልነግራቸው ወጣሁ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ሙዝ ገዛሁ። ወደ ሰፈራቸው የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ሙዙን ራሴ በላሁት።

ሚያዝያ 9

እናቴ እራት ላይ እንደ ዋዛ አነሣችው። ጋሽ ከፈለኝ ላሟን ሺሺንዳ ገበያ ወስደው ሸጧት። የደካ ሰው ነው የገዛት።

«የትኛዋን ላም?»

«ስንት ላም አላቸውና ነው? ይመኙሻል ስታገባ አባቷ የሰጣትን ነዋ። ያውም እርጉዝ።»

«ለምን?»

«ችግኙ ከግማሽ በላይ አለቀ፤ ማዳበሪያ ገዝቶ እንደገና ሊያፈላ ነው። እበቷ ነው የፈጀብኝ ይላል። ከዚህ በኋላ ፍግ የሚባል ነገር እደጄ አይደርስም አለ አሉ።»

እናቴ ቀጠለች... ይመኙሻል አላለቀሰችም፣ አልተጣላችም፣ ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ አታናግረውም። ለበዓል ቅቤ ከጎረቤት ተበደረች። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ ፊቴን አይታ። ደክሞኛል አልኩ።

እኔ አንድ ቃል ነው ያልኩት። አንድ ቃል ላም ያሸጣል?

ሚያዝያ 13

የፋሲካ ማግስት። ሄድኩ። ዛሬ ድልድዩን ሳላየው አለፍኩት።

እትዬ ይመኙሻል ጓሮ እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ተቀመጪ ሳይሉኝ ነገርኳቸው። ውሃው ነው፣ የኛ አመድ ነው፣ ፍጉ ምንም የለበትም፣ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። እጃቸው ቆመ።

«ውሃው መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ። «አንቺ ማወቅሽን ነው ያላወቅኩት።»

መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ።

«ላም ላም ናት፣ ይሁን። ግን 'የተማረች ልጅ ተናገረች፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ' ብሎ ነው የሸጠብኝ። በስምሽ ነው የሸጠብኝ። አሁን እኔ ብነግረው አያምነኝም። የችግኝ መደቡ ጋ ነው ያለው፤ ሂጂና አንቺው ንገሪው።»

ሄድኩ። ጋሽ ከፈለኝ አዲስ ከረጢት አፈር እየሞሉ ነበር። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ... ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ገብቶኛል። እሷ ናት የላከችሽ። ልታስታርቂን ነው አይደል?»

እዚህ አገር አስታራቂ እንዲህ ያደርጋል። የተኳረፉ ሰዎች ፊት ይገባና «ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በኔ ይቅር» ይላል። እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አውቀው ይቀበሉታል። እሳቸውም እንደዚያ መሰላቸው። ማልኩ። «አትማይ፣ ኃጢአት ነው» አሉኝ። «ቦዩ ጋ እንሂድና ላሳይዎት» አልኩ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቦዩ ደርቋል፣ ምን ላሳያቸው? እጃቸውን ከአፈሩ አራግፈው መረቁኝ። እንደኔ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ አሉ። ትዳር ይስጥሽ አሉ።

እትዬ ይመኙሻል ጓሮ በር ላይ ቆመው ምርቃቱን ሲሰሙ ነበር። አላየኋቸውም መስዬ አለፍኩ።

ሚያዝያ 15

ስዋሽ ምስክር አልጠየቁኝም። እውነቱን ስናገር መሐላዬም አልበቃቸውም።

ሚያዝያ 20

ሰብሌ ቢሮ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ነገርኳት። ናሙናው ውሃው ከጠራ በኋላ የተቀዳ ነው። ስብሰባው ላይ እትዬ ይመኙሻል የጠየቁትንም ነገርኳት፣ ቃል በቃል።

«እኔ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«አዎ።»

«አምኜሽ ነው የጠየቅኩሽ።»

ናሙናው ተሰርዟል፤ እንደገና ይቀዳል፣ እሷ ራሷ ባለችበት። ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። የታባቱ። ያስቀየምኩት ሌላ ሰው ጨመርኩ እንጂ ምን ቀለለኝ?

አብዮት ማታ ደወለ። አልጮኸም። «ሰው መስለሽኝ ነበር» ብሎ ዘጋው። እኔስ? እኔስ ለራሴ ምን መስዬ ነበር?

ግንቦት 7

ከደረቁ ቀናት በኋላ ጣለ። ሰብሌ ሞተር ይዛ ደረሰች። እኔ መጀመሪያ የደወልኩት ግን ለጋሽ ከፈለኝ ነበር። «እባክዎ ይምጡ፣ አንዴ ብቻ» ብዬ ለመንኳቸው። ዝናቡን ችለው መጡ፣ ኮታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው።

ውሃው ወረደ። ጥቁር፣ አረፋ የደፈቀ። ሰብሌ ቀዳች። አብዮት ቢሮው በረንዳ ላይ ሆኖ ያያል፤ ዛሬ ጃንጥላ አልያዘም።

ጋሽ ከፈለኝ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከተቱበት፣ አውጥተው መዳፋቸውን አዩት። ከቦዩ ጋር እየተከተሉ ጅረቱ ድረስ ወረዱ። ከኋላ ተከተልኳቸው። ባልዲያቸውን የሚያስቀምጡበት ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔው በእጄ ሳጠጣቸው ነበር» አሉ። «ጠዋት ጠዋት።»

ይቆጡኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ጮክ ብለው ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ግንቦት 9

እናቴ ሰማች። «የይመኙሻልን ዓይን እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው እድር የምቀመጠው?» አለች። ሌላ አላለችም።

ግንቦት 24

ፈቃዱ አልታደሰም። አመዱ ተነሥቶ፣ ማጥለያ ገንዳ ተቆፍሮ፣ እንደገና ተለክቶ ነው የሚታየው። እስከዚያ ቦይለሩ እንዳይነድ ዞኑ አዟል። ገለባ የሚጭኑት ልጆች ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ፣ ብሎን እቆጥራለሁ። በልጆቹ አልፈርድም።

ጋሽ ከፈለኝ ደካ ድረስ ሄደው ነበር፣ ላሟን ፍለጋ። አገኟት። ወልዳለች። ሰውየው «ልጆቼ ወተት ለምደዋል፣ አልሸጥም» አላቸው። ሰው አይፈረድበትም። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው፣ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። የመንገዱ ጭቃ ጫማቸው ላይ እንዳለ ነው።

«ምን ብዬ ልግባ?» አሉኝ። «እኔ አፍ የለኝም። አንቺ ነሽ ያጣላሽን፣ አንቺ አስታርቂን።»

አብሬያቸው ሄድኩ። አስታራቂ! ዓይኔን በጨው አጥቤ። መንገድ ላይ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፣ እንዲህ ብዬ እጨርሳለሁ... ሦስታችን ስንቀመጥ ሁሉም ጠፋኝ። እትዬ ይመኙሻል ባላቸውን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

ጋሽ ከፈለኝ ቀደሙኝ። ደካ ያዩትን ተናገሩ። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳለባትም ተናገሩ። ከዚያ «ልጅቷ ምን ታድርግ፣ አለቃ አለባት» አሉ። «ሁሉንም እኔ ልውሰደው፣ በኔ ይቅር።»

እትዬ ይመኙሻል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አሁን ገና ባላቸውን አናገሩ።

«ላሟን የሸጥካት አንተ ነህ፣ ያንን ውሰድ። ፍግ ነው ያለችው እሷ ናት። የሷን አትውሰድባት።»

ወደኔ ዞሩ።

«አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልኩ።