የመጋቢት አምስቱ ኬክ፦ የወይዘሮ ሰገነት ፈንታ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰገነት ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ እንዳለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ታረቀ፣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በሮብ ገበያ አካባቢ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱ የታወቀው ያጠመቋቸው ቄስ ስላስታወሱላቸው ነው፤ ቀኑን ግን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እናታቸው በተጠየቁ ቁጥር «ገብሱ ሲያሽት ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ገብስ ደግሞ አንዱን ዓመት ፈጠን፣ ሌላውን ዓመት ዘግየት ይላል። ስለዚህ ወይዘሮ ሰገነት ዕድሜ ልካቸውን የልደታቸውን ቀን ሳያውቁ ኖሩ። ይህን ከመነሻው ማንሳቴ ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍሁት ታናሽ እህታቸው አይናለም ፈንታ ነኝ። እህቴን አንቱ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ብትሰማኝ ኖሮ የያዘችውን ሹራብ አስቀምጣ ትስቅብኝ ነበር፤ ወግ ግን ወግ ነውና በአንቱታው እቀጥላለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደብረ ማርቆስ ትኖር ከነበረችው አክስታችን ዘንድ መጥተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ሹራብ መሥራትን የተማሩት በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው። የሹራብ መርፌ የሚገዛላቸው ስላልነበረ ሁለት የብስክሌት ጎማ ሽቦ ድንጋይ ላይ ሞርደው መርፌ አደረጉት። የመጀመሪያ ሥራቸው ለአባታችን የሠሩት የእግር ሹራብ ሲሆን፣ አንደኛው ከሌላኛው በግልጽ ይበልጥ ነበር። አባታችን የቀኝ እግራቸውም ከግራው እንደሚበልጥ ተናግረው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አድርገውት ሄዱ። ሹራብ ለጀመረች ልጅ ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ አያስፈልጋትም።

በ1971 ዓ.ም. የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሥልጠና ወስደው በዚሁ በደብረ ማርቆስ ከተማ ሥራ ጀመሩ፤ በ2012 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱም ድረስ ከሕፃናት አልተለዩም። ቆርኪ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ከኮት የወደቀ ቁልፍ፣ ልብስ ሰፊ ቤት የተጠረገ ጨርቅ፣ እርሳቸው ዘንድ ውድቅ የሚባል ዕቃ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ አሻንጉሊት፣ የግድግዳ ሰዓትና ባቡር ይወጣ ነበር። በዚህ ከተማ ዛሬ ቢሮ የሚመሩ ትልልቅ ሰዎች ቁጥር የለዩት በወይዘሮ ሰገነት ቆርኪ ነው። አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ቆማችኋል፤ ስም አልጠራም።

በ1973 ዓ.ም. የመርጡለ ማርያም ተወላጅ ከሆኑት ከቅኔው መምህር ከመሪጌታ አንሙት አለበል ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋብተው አለበልን፣ አርሴማን፣ ሰውነትን፣ ገዳሙንና እስከዳርን ወለዱ። አምስት ልጆች፣ የጎረቤት ልጆችና ምሳ ሰዓት ላይ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ልጆች በሚተራመሱበት በዚያ ቤት ሳያዩ ወንበር ላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር፤ ወይ መርፌ አለበት፣ ወይ ሊጥ። የአለበል ሹራብ ሲጠበው ተተርትሮ ለአርሴማ ይሠራል፤ የአርሴማው ለሰውነት። እንዲህ እያለ አንድ ቀይ ክር አምስቱንም ልጆች አልብሷል። የአንገቱ ነገር ግን መነገር አለበት። እህቴን ብወዳትም እውነቱ እውነት ነው፤ ጆሮ ሳያቀላ የገባ የሰገነት ሹራብ አላውቅም። መሪጌታ ለማኅሌት ሲቆሙ ከካባቸው ሥር የሚለብሱትን ለማውለቅ ሁለት ተማሪ ይጠሩ ነበር ይባላል።

ተማሪዎቹም ቢሆኑ አልቀረላቸውም። ከሩቅ አገር ቅኔ ሊቆጥሩ የመጡትን ልጆች ወይዘሮ ሰገነት የብርዱን ወራት በባዶ ራሳቸው ሊያሳልፏቸው አልወደዱም፤ ለሁሉም ከሹራብ ክር ቆብ ሠሩላቸው። ምንኩስናን ቆብ መድፋት ለሚሉት ለመሪጌታ ይህ የማይታለፍ ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሚስታቸው ተማሪዎቻቸውን ያለ ዕድሜያቸው ቆብ እንዳስደፏቸው ይከሱ ነበር። በዚያ ቤት ክስ ማለት ምስጋና ነው።

ኬክ መጋገርን ከሥራ ባልደረባቸው ተማሩ። ምድጃ አልነበራቸውም፤ ብረት ድስት ጥደው ከታች ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገው ነበር የሚጋግሩት። የልጅ ልደት ግን በዚያ ቤት ያለ ኬክ አልፎ አያውቅም። ይህን ያህል ለምን እንደሚደክሙ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ የእነርሱ ቀን ይታወቃል ይሉን ነበር።

የመጨረሻ ልጃቸው እስከዳር የተወለደችው መጋቢት 5 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው አይጾምምና፣ እስከዚያ ድረስ እስከዳር እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ኬኳን ስትበላ ታላላቆቿ ዙሪያዋን ከበው ሽታውን ብቻ ይካፈሉ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሰባት ሲሞላት ግን እርሷም ዐቢይ ጾምን ልትጾም ሆነ። ትልቅ ሰው የሆነች መስሏት ደስ ብሏት ነው የጀመረችው። ልደቷ ሲቃረብ ነገሩ ገባትና፣ ልደቷ ከጾም ውጭ የሚውልበት ዓመት መቼ እንደሆነ አባቷን ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ጥያቄዋን አክብረው ባሕረ ሐሳብ አወጡላት። ዐቢይ ጾም ቢዘገይ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል እንጂ ከዚያ አያልፍም፤ ፋሲካም ከዚያ ቀድሞ አይውልም። እንግዲህ ለመጋቢት አምስት ልጅ የፍስክ ልደት የለም፤ ከእርሷ በኋላ ለሚወለዱትም አይኖርም አሏት፣ ያጽናኗት መስሏቸው። እስከዳር ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ጾሙ እኔን አይወደኝም» አለች።

እናቷ ይህን ሰሙ። ኬኩ ከፋሲካ በኋላ ይሁንላት ብሎ ያልመከረ ዘመድ አልነበረም። ወይዘሮ ሰገነት ግን «የእኔን ቀን የሚያውቅ የለም፤ የእርሷ እየታወቀ አይዘዋወርም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ጾሙ ሳይሻር፣ ቀኑም ሳይዘዋወር ልጅቷ ኬኳን መቁረስ ነበረባት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በዚያ ቤት ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ኬክ ይጋገር ጀመር። የመጀመሪያውን ገዳሙ በጥርሱ ሞክሮ ተወው። ሌላው ከድስቱ አልላቀቅ ብሎ ከነድስቱ ደጅ አደረ። መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አላለፉም፤ ያንን ጠፍጣፋ ነገር ገልብጠው አይተው «ዱቄቱ ተነፍቷል፤ ኬኩ ግን አልተነፋም» አሉ። ልጆቹ ቃሉን ወደዱት። ከዚያ ወዲያ የተበላሸ ነገር ሁሉ፣ የአርሴማ የሒሳብ ፈተና ሳይቀር፣ አልተነፋም ይባል ጀመር። ወይዘሮ ሰገነት ሥቀው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ነገሩን ግን አልረሱትም።

መፍትሔው የመጣው በተንኮል ነው። ሰውነት ለሻይ የተቀመጠ ሎሚ ወስዶ እናቱ ያስቀመጡት ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጨመቀበት፤ ነገሩ አረፋ ሠርቶ ገነፈለ። ሊገርፉት የተነሡት እናት መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው ሳሙት። ሰውነት ለምን እንደተሳመ እስከ ዛሬ በደንብ የገባው አይመስለኝም።

መጋቢት 5 ቀን፣ በዘይት የተለወሰውና በሎሚና በሶዳ የተነሣው ኬክ ከድስቱ አፍ በላይ ብቅ ብሎ ወጣ። መሪጌታ እንቁላል እንደሌለበት፣ ቅቤ እንደሌለበት፣ ወተትም እንዳልነካው አንድ በአንድ መረመሩ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላም ቀመሱና «ሰሙ ጾም ነው፤ ወርቁ ግን ፍስክ ነው» ብለው ፈረዱ። እስከዳርም ቆረሰች፤ ታላላቆቿም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽታው አልፈው ከኬኳ በሉ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ የጾም ኬክ ሲነሣ የወይዘሮ ሰገነት ቤት ይጠቀስ ነበር። ለሰንበቴው፣ ለተመራቂው፣ በጾም ለተወለደው ልጅ ሁሉ ጋግረዋል፤ እስከ ደጀን ድረስ በአውቶቡስ የተላከም አለ፤ ሳይሰበር ደርሷል። አሠራሩን ለጠየቀ ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር፤ ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ስኳሩ ምን ያህል ይሁን ሲባሉ «እስኪበቃው» ይላሉ፤ ሎሚውስ ሲባሉም «እስኪበቃው» ነው። ስንቷ ባለሙያ ሴት ተስፋ ቆርጣ ቀርታለች፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከልጆቻቸውም ለአንዳቸውም አልሆነላቸውም።

ከጡረታ በኋላ የልብ ሕመም ያዛቸውና በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሙ ሥራ እንዲቀንሱ ሲያዝዛቸው እሺ አሉ፤ ሹራብ ግን ከሥራ የሚቆጠር አልመሰላቸውም። ያንን አምስት ልጅ ያለበሰውን ቀይ ክር ለመጨረሻ ጊዜ ተርትረው ለእስከዳር ልጅ ለአመተ ማርያም የአልጋ ብርድ ልብስ ሠሩላት። ብርድ ልብስ አንገት ስለሌለው የልጅቷ ጆሮ ተርፏል።

ዘንድሮ ከጥር ወዲህ ሕመሙ ሲበረታባቸው የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለመጋቢት አምስት ማን ይጋግራል የሚል። የመረጡትን ሰው ስንሰማ ሁላችንም ደነገጥን። መሪጌታ አንሙት በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ማድ ቤት የገቡት ውሃ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሰገነት አልጋቸውን ወደ ማድ ቤቱ በር አስጠግተው ያስተምሯቸው ጀመር። መሪጌታም እንደ ተማሪ ቆመው የስኳሩን ልክ ጠየቁ፤ «እስኪበቃው» ተባሉ። የመጀመሪያው ኬካቸው ከድስቱ ወጥቶ ሲታይ መሬት ለመሬት ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሰገነት ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ ስንት ዓመት ያቆዩትን ብድር መለሱ፤ «መሪጌታ፣ ዱቄቱስ ተነፍቷል፤ ኬኩ ግን አልተነፋም» አሉ። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ ከሁለቱ ትዳር ያየሁት ደስ የሚለው ነገር ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለተኛውም አልተነፋም። ሌላ ለመሞከር ሕመሙ ጊዜ አልሰጣቸውም።

በዚያው ሰሞን እስከዳርን ጠርተው «ልደትሽ ከጾም ጋር ገጥሞ አልቀረም፤ ከእኔ ሞት ጋር ቢገጥምም እንዳይቀር» አሏት። እናቷ እጇን ይዘው እሺ እስክትል ጠበቁ፤ እሺም አለቻቸው።

ወይዘሮ ሰገነት ፈንታ ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት በ65 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን መሪጌታ አንሙትን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ ስምንት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ታናሽ እህታቸውን፣ ቁጥር ያስለዩዋቸውን የዚህን ከተማ ልጆችና በየቤታችሁ ያሉትን አንገተ ጠባብ ሹራቦች ትተውልን ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ዓርብ መጋቢት 5 ቀን በዚህ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ቀኑ የእስከዳር ልደት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐዘን ቤት ኬክ ምን ይባላል እየተባባልን ስንጨነቅ፣ የነፍስ አባታቸው ዛሬ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል መሆኑን አስታወሱን፤ የጾም እስከሆነ ድረስም የአቡዬ ዝክር ሆኖ ለሕዝቡ ይታደል ብለው ፈቀዱ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ከለቅሶው መካከል ተነሥተው ጋቢያቸውን አስቀመጡና ማድ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። እኛ ሴቶቹ የወንፊቱን ድምፅ ሰምተን ለቅሶውን አቆምን። የገባ ሰው አልነበረም፤ ልክ የነገራቸውም የለም። ከቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተና እስከዳርን ጠሯት። ዱቄቱ እስከ ጢማቸው ደርሶ ነበር። የድስቱን ክዳን አንሥተው አሳዩዋትና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ተነፋ» አሉ።

ስለዚህ ከቀብር መልስ ሰዓቱ ሲደርስ እስከዳር ትቆርሳለች፤ ለሁላችሁም ቁራሽ ይደርሳችኋል። እንቁላል የለበትም፤ ሳትጠራጠሩ ቅመሱ።

እኛ ያላወቅንላቸውን የልደታቸውን ቀን የሚያውቅ አምላክ የወይዘሮ ሰገነትን ነፍስ በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን። አሜን።