ጸጉሯን መጎንጎን ተምሬያለሁ

ለማከብርዎ እናታችን፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ብርዱ በረታ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰኝ የእርስዎ ጉልበት ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና ስል፣ እኔና ታላቅየው ልጄ ጠዋት ተነስተን፣ አንድ ዓይነት ካልሲ ፈልገን አጥተን፣ ያረረውን እንቁላል አንዱ ባንዱ እያሳበበ በልተን እንወጣለን ማለቴ ነው። ማታ ተመልሰን እንገባለን። መሃል ላይ ያለውን አይጠይቁኝ።

ጎሚስታ ቤቱን አሁን በጊዜ ነው የምዘጋው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው የለማ። ባለፈው የአንድ ባለታክሲ ጎማ ፈትቼ ሳለሁ ሰዓቱ ደረሰብኝና መኪናዋን ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች ትቻት ሮጥኩ። ስመለስ ያዋርደኛል ብዬ ስፈራ፣ ጎረቤቴ ባለሱቁ ነግሮት ኖሮ ጎማውን ራሱ ሲያስር አገኘሁት። ሰው ያዝንልኛል። ቤት ስገባ ግን ድስቱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ድስት ሳጥብ አለቅሳለሁ፤ የቧንቧው ድምፅ ይሸፍንልኛል። ልጁ ሳያውቅ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጅዎን ከቀበርን በኋላ ትንሿን ልጄን ይዘዋት ሲሄዱ፣ እስክትረጋጋ ድረስ እኔ ጋ ትሁን፣ ጎማ ጎማ በሚሸት እጅህ የሴት ልጅ ጸጉር አትጎነጉንም ነበር ያሉኝ። እውነትዎን ነበር። አመሰገንኩዎት እንጂ ቅር አላለኝም። ከእናቷ እናት ወዲያ ማን አላት ብዬ እምነቴን ጣልኩብዎት። ከዚያ ልውሰዳት ስል ሳል ይዟታል አሉኝ። ቀጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው አሉኝ። ቀጥሎ ስልክ ማንሳቱንም ተዉት። እኔ ሞኙ ምንም አልጠረጠርኩም። ከእራት በኋላ የወለል መወልወያውን ክር ለሦስት እየከፈልኩ መጎንጎን እለማመድ ነበር። ታላቅየው እንጨቱን ይዞልኝ፣ ወይዘሪት ዛሬስ አምሮብዎታል እያለ መወልወያውን ያሞግሳል። እናቱ ከሞተች ወዲህ መጀመሪያ የሳቅነው በዚያች መወልወያ ነው።

ባለፈው እሁድ ድንገት የመጣሁት ይህንኑ ላሳይዎ ነበር። ማበጠሪያ በኪሴ ይዤ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ የሰፈሩ ልጆች ድንቡሼ፣ ነይ እንጫወት እያሉ ሲጣሩ ሰምቼ ቆምኩ። በዚህ ስም እርስዎ የሚጠሯት ልጅዎን ነበር። ሁለት ልጅ ወልዳም በስልክ ድንቡሼ ሲሏት ታፍር ነበር፤ እኔም እያነሳሁ አበሽቃት ነበር። ሮጣ የወጣችው ግን የኔ ልጅ ናት፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነችው። የለበሰችው ነጭ ኮሌታ ያለውን ቢጫ ቀሚስ ነው፤ ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ካለው የእናቷ የልጅነት ፎቶ አውቀዋለሁ። ስለሰፋት ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጸጉሯም ልክ እንደ ፎቶው ከጎን ተከፍሏል።

ሳቅፋት በጆሮዬ ያለችኝን ልንገርዎ። ቀሚሷን ስለለበስኩባት እማዬ ትቆጣኛለች ወይ አለችኝ። ለምን በሹክሹክታ ታወሪያለሽ ብላት፣ እዚህ ቤት እማዬ ሞተች አይባልም አለችኝ። ወዲያው እርስዎ ከጓዳ ሲጠሯት፣ አቤት እማዬ ብላ ወደ እርስዎ ሮጠች። ድሮ አያቴ ነበር የምትልዎ።

ሻይ አቀረቡልኝ። ማበጠሪያዬን ከኪሴ ሳላወጣ ጠጣሁ። ስነሳ ግን፣ እንግዳውን ደህና ሁን በዪው አሏት። እንግዳው! ግራ ገብቷት አንዴ እርስዎን አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። የወለድኳት ልጅ ጨበጠችኝ፣ እናታችን።

አደራዬን በልተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ገንጥዬ በገባሁ ነበር። እርስዎ ስለሆኑ ሻዬን እንደ እንግዳ ጠጥቼ፣ እንደ እንግዳ አመስግኜ ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ሐዘን መሃል ተማምኜ ጀርባዬን የምሰጠው አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሱም እርስዎ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ በመዶሻ ስቀጠቅጥ ሰነበትኩ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የራሷን ልብስ አልብሰው ይጠብቁኝ፤ ቢጫው ቀሚስ እዚያው ይቅር። ጸጉሯን አይንኩት፣ እኔ እጎነጉነዋለሁ፤ ከተንሻፈፈም ይንሻፈፍ። እሷ ስትወጣ ቤትዎ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ የኔም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የእርስዎንም ሻንጣ ያሰናዱ። ታላቅየው አልጋውን ለቆልዎታል፤ አያቴ ታንኮራፋለች ወይ ብሎ ብቻ ጠይቋል። እኛ ቤት ግን ስሟ ይነሳል፤ ሞተች ይባላል፤ ይለቀሳል፤ ድስቱም ይታጠባል።

እምቢ ካሉም ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። በርዎ ላይ ቆሜ የምጣራው በራሷ ስም ነው። በዚያኛው ስምማ እኔም ባዶ ቤት ቆሜ ስንቴ ተጣርቻለሁ፤ አልወጣችም።

እግዜር ጉልበትዎን ይጠግንልኝ፣ ዕድሜም አይንሳዎት።

የልጅዎ ባል፣ የልጄም አባት