ሁሉም መኪና ተሰንጥቋል ላልከኝ

ይድረስ ለውዴ ለላቀው፣ ብረት ዋሽቶህ ለማያውቅ ባሌ።

የደብዳቤ ደንብ መጀመሪያ ጤናህን እንድጠይቅ ያዛል። አንተ ግን ከስኳሩም ከጉልበት ሕመሙም ከተገላገልክ ሁለት በጋ አለፈ፤ ስለዚህ የጤናውን ወሬ ለእኔ ተውልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ የምታውቀው ነው። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ዛሬም ትራሳችን ሥር ይገባል፣ የጎረቤት ፍየሎችም ዛሬም ያሰጣሁትን የጨርቅ አበባ ይበላሉ። እንግዲህ ቁጭ በል። ቁጭ ብለህ ከሆነም ደገፍ በል። መኪና ገዛሁ።

አሮጌ ታክሲ እንዳይመስልህ። አሜሪካን ሠራሽ ሙስታንግ ናት፤ ቀይ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሁለት ነጭ መስመር የተሰመረባት፣ በር ሁለት ብቻ ያላት። ያገለገለች ናት፤ እኔስ ብሆን ያገለገልኩ አይደለሁ? ሐብሐብ እንኳን ያላንተ ጆሮ ገዝቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ይኸው የመኪና ባለቤት ሆንኩልህ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ለምን እንደሚያስቅ አይገባውም፤ እስቲ ስላንተ ልንገረው። አንተ ዕድሜህን የጨረስከው በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ነው። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ሲቆም እጀታው ረዘም ያለውን መዶሻህን ይዘህ ትጠጋና የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ አንድ በአንድ እየመታህ ታዳምጣለህ። ደህነኛው ብረት እንደ ደወል ይዘምራል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። ጆሮህን ዘንበል አድርገህ ስትቆም ያየህ ሰው ብረቱ ሐሜት የሚነግርህ ይመስለው ነበር። ይህ ሥራህ ነው፣ ማንም አይከፋውም። የከፋው መዶሻህን ጣቢያው ላይ ትተህ አለመምጣትህ ነው። ድስት ትመታለህ፣ የውኃ በርሜል ትመታለህ፣ ልጃችን ሰናይት ጉንፋን ሲይዛት ጀርባዋን በጣትህ መታ መታ አድርገህ ድምፁ ንጹህ ነው ብለህ ሐኪም ቤት ትከለክለናለህ።

መኪና እንግዛ ስልህ አንድም ቀን እምቢ ብለህ አታውቅም። እሺ ትልና ልብስህን ቀይረህ፣ መዶሻህን በጋዜጣ ጠቅልለህ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። የፈረንሳዩን መምህር ነጭ መኪና ትዝ ይልሃል? ሰውየው ቡና አቅርቦ እያስተናገደን፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ጎማውን መታኸው። ዱብ አለ። ሌላውንም፤ ዱብ። ተነሥተህ ተሰንጥቋል፣ እንሂድ ብለኸኝ ወጣን። ላስቲክ የለበሰ ጎማ እንዴት አድርጎ ይዘምር? ይህን ሺህ ጊዜ ብነግርህ ጎማ ጎማ ነው ትለኝ ነበር። ጓደኞችህ በጅቡቲ ከተማ ላቀው ያልሰነጠቀው መኪና የለም እያሉ ሲስቁብህ አንተም አብረሃቸው ትስቃለህ፣ እኔ ግን አበባዬን በዘንቢል ተሸክሜ በሚኒባስ ባልባላ ሠፈር እወጣለሁ። የሙሽራ መኪና የማስጌጥ ሥራ እየሠራሁ፣ የሰውን መኪና እንደ ሙሽራ ኩዬ፣ ማታ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ መመለስ! ስንቱን ቀን በሆዴ ረግሜሃለሁ፣ አሁን ስለሆነ ነው የምነግርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሰናይት ድሬዳዋ ካልመጣሽ ብላ ስልኩን አጋለችው። ክፍል ቀብታልኛለች፣ መጋረጃ ሰቅላልኛለች። የባቡሩ ሰዎች ሁሉ አገራቸው ገብተዋል፣ እዚያ ማን ቀረሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጣቢያው ተዘግቶ ሐዲዱ ላይ ፍየል ይጋደማል፤ የሠፈራችን አማርኛ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄዶ ከእኔና ከመንገደኛ ሾፌሮች ሌላ የሚናገረው ጠፋ። እሺ አልኳት። ለዕቃ መጫኛ የሚሆን ገንዘብ ለይቼ አስቀመጥኩ፣ ግማሹን ዕቃም በካርቶን አሰርኩ። ታዲያ ሌሊቱን አንተ ነህ የምትመጣብኝ። መቃብርህ እዚህ፣ እኔ እዚያ፤ ማን ሊጎበኝህ? የለመድኩት ሥራዬስ? አፌ እሺ ይበል እንጂ ልቤ ካርቶን ውስጥ አልገባ አለኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው አንድ ሐሙስ ራስ ዲካ ሠፈር የሙሽራ መኪና ላስጌጥ የሄድኩት። የሙስታንጓ ባለቤት አብዲ የሚባል፣ ወደብ ላይ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ለአጎቱ ልጅ ሰርግ አውሷት ኖሯል። ኤዶ፣ አለኝ፣ ሶማሊዎቹ አክስቴ ሲሉ እንደሚጠሩት፤ ኤዶ፣ በደንብ አስጊጫት፣ ሰርጉ ሲያልቅ ልሸጣት ነው። ሚስቱ መንታ ወልዳለች። የኋላው ወንበር መንታ አይችልም። አማቱ አንድ ቀን ከኋላ ገብተው ለማውጣት ሁለት ጎረምሳ አስፈልጓል፤ ከዚያ ወዲህ ወይ መኪናዋ ወይ እኔ ብለዋል። እየሳቀ ይህን ሲያወራኝ ቁልፉን አዞረው።

ላቀው፣ ምን ብዬ ልንገርህ! ያን ጊዜ ከጣቢያው ጀርባ ያለችው ቤታችን ትዝ ትልሃለች? ሎኮሞቲቩ ሲነሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆው ይንጫጫ ነበር፣ አንተም እንቅልፍህ ውስጥ ፈገግ ትል ነበር። ያ ነገር ነው ከመሬት ተነሥቶ በእግሬ የገባው። የያዝኩት ሪባን ተንቀጠቀጠ። አፌ ውስጥ የያዝኩትን ስፒል ሳላወጣ ስንት ነው አልኩት። ለማን ነው ኤዶ? አለኝ። ለእኔ! አልኩት፤ ስፒሉ አስፋልት ላይ ተበተነ።

በነጋታው ያንተን ጓደኛ ጋሽ ተካን ይዤ ሄድኩ። የአዲስ አበባውን ከባድ መኪና ነድቶ መጥቶ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ስለነበር አገኘሁት። እኔ መዶሻህን ይዤ ነበር። አብዲ አንዲት እናት መዶሻ ጨብጣ ወደ መኪናው ስትገሰግስ ሲያይ ክንዱን ዘርግቶ መሐላችን ገባ። እስካስረዳው ድረስ ሠፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ጎንበስ አልኩና መታሁ። ዱብ። አራቱንም ዞርኩ፤ አራቱም ዱብ። ጆሮዬ ላይ ተሰንጥቋል፣ እንሂድ ስትለኝ ሰማሁህ፣ እውነቴን ነው፤ እግሬም መዞር ጀምሮ ነበር። በዚያች ሰዓት ካርቶኖቼም ድሬዳዋም መጋረጃውም ፊቴ መጡ። ዕንባዬ ሲመጣ ሰው ፊት አፈርኩ።

ጋሽ ተካ መኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ገብቶ ኖሮ በጀርባው ወጣ። ሻንሲው ያልተመታ፣ ሞተሩም ዘይት የማያፈስ መሆኑን አይቷል። ምን ሆነሻል? አለኝ። ጎማዋ አይዘምርም አልኩት። እጁን ጠራርጎ፦ እኔ አሥራ ስምንት ጎማ አለኝ፣ አንዱም ዘፍኖልኝ አያውቅም፤ ግን ይኸው አድርሰውኛል አለኝ። ይህን ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እኔም ለአብዲ እጄን ዘረጋሁለት፣ ጨበጠኝ። የዕቃ መጫኛው ገንዘብ፣ ለመኪና ስንቆጥብ ከኖርነው ጋር፣ ቀይ ሆነ።

ለሰናይት ደውዬ ነገርኳት። እማዬ በር ሁለት ብቻ? አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ቀለሟ ምንድን ነው አለችኝ። አባዬ ከሄደ ጀምሮ እንዲህ ስትስቂ አልሰማሁም፣ ቆዪ በቃ አለችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ የባቡር ጣቢያ ተሠርቷል፤ ባቡሩ ሰው መጫን ሲጀምር ልጆቹን ይዛ ትመጣለች፣ የምቀበላቸውም እኔው ነኝ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው አሉ። ብትኖር መዶሻህን ይዘህ ሄደህ ትታሰር ነበር።

መንዳት ያስተማረኝም ጋሽ ተካ ነው። ኦቶማቲክ መሆኗን ሲያይ ግራ እግርሽ ሳይሠራ ደመወዝ ሊበላ ነው ብሎ ተቆጣ። ሲያስተምረኝ ግን እንደ ተሳቢ መኪና ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ ማዕዘን ስዞር ከኋላዬ ተሳቢ ያለ ይመስል መንገዱን በሙሉ እይዛለሁ። ፖሊሶቹ ለምደውኛል። በመጀመሪያው ሰርግ የሙሽራዋ ቀሚስ የኋላውን ወንበር ሞልቶ እኔ ትከሻ ላይ ደረሰ፣ ሙሽራው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። የሙሽራዋ አክስቶች ከመሪው ኋላ እኔን ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት። ለሙሽራዋ ይሁን ለእኔ አልጠየቅሁም፤ ሁለታችንም ተካፈልነው።

ባለፈው እሑድ የመቃብሩ አጥር ጋ ሆኜ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆይቻለሁ። ነጎድጓድ መስሎህ ከነበረ እኔ ነበርኩ።

መዶሻህ ከወንበሬ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ከመነሣቴ በፊት አወጣውና አራቱንም ጎማ እመታለሁ፤ ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ። ዱብ ይላል፣ እኔም ደህና ነው እልና እገባለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሳልመታ አልነሣም፣ ስመታም ስምህን ሳልጠራ አላልፍም። ሁለት በጋ ሙሉ ስጠራህ አንድም ቀን አቤት አላልከኝም፣ ላቀው። ግን ይኸው አድርሰኸኛል።

ያንተው ዘነበች