ቀኑ ስለተፋቀ ጎማ፣ ለክቡር ዳቱክ ዋን ሩስሊዛል

ለክቡር ዳቱክ ዋን ሩስሊዛል፣
የወረዳችን የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የ«ሰባት ኮረብታ» ጎማ መደብሮች ባለቤት፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ? የደም ግፊትዎስ? የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ ጠዋት ጎማ ሸጦ ከሰዓት በኋላ ስለዚያው ጎማ የሚቀርብ አቤቱታ መስማት ብርቱ ጤና የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን በቅርቡ ተረድቻለሁና። እኔ አላህ ይመስገን በእግሬ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ሱሪያኒ ግን መቆም ተከልክላለች፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ኮሚቴዎ በደብዳቤው «ስፖርታዊ መኪና የሚያሽከረክር ግለሰብ» ብሎ ያከበረኝ ባድሩል ሂሻም እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ስሆን፣ መኪናዬ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለች ባለ ሦስት በር ሳትሪያ ናት። በወጣትነቴ ተመኝቻት፣ ጎልማሳ ሆኜ ያገኘኋት፣ ሞተሯን ራሴ ፈትቼ የገጠምኳት መኪና ናት፤ እንደምወዳት አልክድም። ሱሪያኒ ካሜሮን በሚባለው በደጋው ተራራችን ላይ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በየሳምንቱ ዓርብ ላመጣት እወጣለሁ፣ እሑድ ላደርሳት እንደገና እወጣለሁ። ያንን መንገድ ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ዝናቡም ቀጠሮ አክባሪ ነው።

የሚከተሉትን ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ መደብርዎ ዋጋ ነው። ሱሪያኒ ማርገዟን እንደሰማሁ የሳትሪያዬን አራት ጎማዎች ለመቀየር ወሰንኩ፤ ሁለት ወር ሙሉም ሌላ ነገር አላሰብኩም። የታወቁት ውድ ጎማዎች ከአቅሜ በላይ ነበሩ። ለውድድር የሚመርጧቸው ጥርሳቸው ስስ የሆኑት፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ተወዳዳሪ ባይኖራቸውም ውሃ ሲያዩ ይንሸራተታሉ። ርካሾቹ ደግሞ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ግን ደረቅ በመሆናቸው ኩርባ ላይ ይጮኻሉ እንጂ አይዙም። የቀረኝ መካከለኛው ነበር፦ ለስላሳ፣ ጥርሱ ጥልቅ፣ ዝናብ ላይ አጥብቆ የሚይዝ፣ ደመወዜም የሚችለው። መካኒኬ ጋሼ ኮክ ዌንግ ትዕግሥታቸው አልቆ «ልጄ፣ ጎማ ነው የምትመርጠው ወይስ ሁለተኛ ሚስት?» እስኪሉኝ ድረስ ጠየቅሁ፣ አነጻጸርኩ፣ አነበብኩ። በመጨረሻም የፈለግሁት ጎማ በእርስዎ መደብር ከሌላው ቦታ በሲሶ ረክሶ አገኘሁት።

«ለምን ረከሰ?» ብዬ ሻጭዎን ሃፊዙልን ጠየቅሁት።

«አለቃ፣ ዳቱክ ለድሃ ያስባሉ፤ ምስጢሩ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። «ውሰድና ዝናብ ላይ ሞክራት፤ እንደ ሙጫ ነው የምትይዘው።»

ጎማዎቹ ጥቁር ቅባት ተቀብተው ያብረቀርቁ ነበር። የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት ቁጥሮች ስፈልግ በአንዱ ጎን አላገኘሁም። «በወዲያኛው በኩል ነው አለቃ፤ አሁን ቸርኬው ላይ እየገባ ነው፣ ሠልፉን አታስቁም» አለኝ። እውነትም ከኋላዬ ሰው ቆሞ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ። ክቡርነትዎን በብዙ ጉዳይ ብከስስም፣ ስለዚያች ዝምታ የምከስሰው ራሴን ነው።

፪ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ኮሚቴዎ ስለ አነዳዴ ስላደረገው ጥልቅ ምርመራ ነው። በቦታው ማንም ሳይገኝ፣ መኪናዬን ማንም ሳያይ፣ አደጋው «በስፖርታዊ ፍጥነት» እንደደረሰ ደርሶበታል። እኔ በቦታው ነበርኩና ጥቂት ልጨምር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን ነበር። ጎመን የጫነ የጭነት መኪና ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋ ቀድሞን ሄዷል።

ሱሪያኒ የሰባት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «ሂሻም፣ ቀስ በል» አለችኝ።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እኮ እንቆማለን» ብዬ ሳቅሁ።

ቀጣዩ ኩርባ ላይ መሪው እጄ ውስጥ ድንገት ቀለለኝ። የኋላው እግር ሸሸ፣ መኪናዋ አንዴ ዞራ በሱሪያኒ በኩል ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ጋር ተላተመች። ከአጥሩ ወዲያ የዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር የሚታየው። ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥ ሲል ባለቤቴ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ስለ ተሰነጠቀው ትከሻዋ አልነበረም። «አይንቀሳቀስም» አለችኝ። «ሂሻም፣ ልጁ አይንቀሳቀስም።»

ሆስፒታል ደርሰን የልብ ምቱን እስክንሰማ ድረስ ያለፈውን ሰዓት ለመግለጽ የኮሚቴዎ ቅጽ ሁለት መስመር ብቻ ስለሰጠኝ ባዶውን ትቼዋለሁ። ልጁ እስካሁን በሕይወት አለ። እናቱ እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትነሳ ታዝዛለች፤ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ «እስቲ ዛሬን እንይ» ይለናል። ከዚያ የረዘመ ተስፋ አይሰጠንም።

፫ኛ. ጋሼ ኮክ ዌንግ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን ሲያወልቁ፣ የውስጠኛውን ጎን በጨርቅ ጠርገው እንዳይ ጠሩኝ። የሁለቱ ጎማዎች ቁጥር በሞረድ ተፍቋል። የሌሎቹ ሁለቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መመረታቸውን ይናገራሉ። በጥፍራቸው ተጫኑት፤ ልስላሴ የሚባል የለውም። «ይሄ ጎማ አይደለም ልጄ፤ ጥርስ የወጣለት ጣውላ ነው» አሉኝ። ኮሚቴዎ ግን «ጥርሱ ያላለቀ ስለሆነ ጉድለት አልተገኘበትም» ሲል በሦስት መስመር ወስኗል፤ ከታችም የክቡርነትዎ ፊርማ አምሮ ተቀምጧል። ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ለማንበብ አልከበደኝም።

፬ኛ. ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት በዚህኛው ምክንያት ነው። ያለፈው ረቡዕ ሱሪያኒ ስትተኛ ወደ መደብርዎ ሄድኩ። የእኔው ዓይነት ጎማ የእኔዎቹ ከነበሩበት መደርደሪያ ወርዶ እያብረቀረቀ ለአንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ይገጠም ነበር። የኋላ መቀመጫዋ ላይ የሕፃን ወንበር አለ። ባለቤቷ የፋብሪካ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች። ሮጬ «እህቴ፣ እባክሽ ቁጥሩን እይ፣ ይሄ ጎማ ያረጀ ነው» አልኳት። ለማየት ጎንበስ አለች፤ ያየችው ግን ውጪኛውን ጎን ነበር።

«ወንድሜ፣ ሌላውን አንተ ትገዛልኛለህ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። «እኔ የምችለው ይሄን ነው።»

እኔም እኮ እዚያው ሠልፍ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ጥበቃዎ አንገቴን ይዞ ሲያስወጣኝ መኪናዋ ሄደች፤ የሰሌዳዋን ቁጥር እንኳ አልያዝኩም።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ፌዙን ልተወው። ካሳ አልጠይቅዎትም፣ ይቅርታ እንዲጠይቁኝም አልሻም። ሴትዮዋ ደረሰኝ ላይ ስልኳን ስትጽፍ አይቻለሁ። ስልኳ እርስዎ ዘንድ አለ። ይደውሉላት። ከእነዚያ ጎማዎች የሸጡለትን ሰው ሁሉ ያስጠሩ፤ የአገራችን ከባዱ የኅዳር ዝናብ ከመግባቱ በፊት። እየለመንኩዎት ነው፤ ተንበርከክ ቢሉኝም እንበረከካለሁ።

አንቺም እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ በማንም ስልክ በኩል ቢደርስሽ፣ መኪናሽን በክሪክ አስነሥተሽ የጎማሽን የውስጥ ጎን እይ። አራት ቁጥሮች ናቸው። ከሌሉ ወይም የድሮ ዓመት ካሳዩ ወደ ጋሼ ኮክ ዌንግ ጋራዥ ነይ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ የሚሆን እንፈልጋለን። ልጅሽን ይዘሽ አትንጂበት።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በሁለቱም ወንበሮችዎ ላይ በእኩል ምቾት እንዲቀመጡ እየተመኘሁ፣ ከማዋለጃ ክፍሉ በር ፊት ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ትሑት ደንበኛዎና አቤት ባይዎ፣
ባድሩል ሂሻም ቢን ዘይኑዲን

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሆስፒታል ስመለስ የክቡርነትዎን ጥቁር መኪና ወንዙ ማዶ ባለው በተፎካካሪዎ ጎሚስታ ዘንድ አየኋት። ሾፌርዎ አራቱንም ጎማ ያስቀይር ነበር። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አነበብኩ፦ የዚህ ዓመት፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት። ሁለት ወር ሙሉ ስደክም ከምኖር፣ የትኛውን ጎማ ከየት ልግዛ ብዬ መጀመሪያውኑ እርስዎን ማማከር ነበረብኝ።