ጣውንቴ ባቡር

ሐምሌ 3

ዝናብ። ምስር ለቀምኩ፤ ከምስሩ ጠጠሩ ይበዛል።

ከሰዓት በኋላ ሰውአገኝ መጣ። ከቤቴ በላይ ዳገቱ ላይ ያለው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲታገል የካልሲውን ቀዳዳ አየሁና "ተወው፣ ግባ" አልኩት። ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ባንችይርጋ፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወጣው መንገድ ድንጋይ ሊነጠፍለት ነው። የባለቤትዎን የዶክተሩን ሐዲድ ማንሳታችን አይቀርም። ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው።"

"እሰይ" አልኩት።

ደነገጠ። እንዳለቅስለት ጠብቆ ኖሯል፤ ሶፍት ሁሉ በኪሱ ይዞ መጥቷል። ለምን አለቅሳለሁ? ሌላዋ ሴት በጣውንት ትቃጠላለች። እኔ ዕድሜ ልኬን በባቡር ተቃጠልኩ።

ሐምሌ 5

ልጄ ማኅሌት ከአዲስ አበባ ደወለች። ያላት አንድ ዘፈን ነው፦ "እማዬ፣ ቤቱን አከራይተሽ ነይ።" የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ? አልኳት። "በክረምት የማን አፈር ይደርቃል?" አለች። ምላሷ የአባቷ ነው።

ልሂድ ይሆን? እዚህ ምን ቀረኝ? አንድ ግቢ፣ አንድ ወንድም፣ ዳገት ሙሉ የዛገ ብረት...

ሐምሌ 8

ጎረቤቴ ዛሬ "ዶክተር ታፈረ ቅዱስ ሰው ነበሩ" አለችኝ። ቅዱስ? ታፈረ? ሰው ሲሞት ለምን እንዲህ ታጥቦ ይሰጣል? ሌላው ይጠበው። እኔ እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

አዋሽ ተወለደ። አባቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ሕክምና ይማር እንጂ ልቡ ከባቡር ላይ አልወረደም። ከዚያ ሁሉ አገር መርጠው ላስታ መደቡት... ባቡር ቀርቶ ያን ጊዜ ደህና አውቶቡስ የሌለበት። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ እኔን አግብቶ ቀረ።

በሽታውን ሁሉ በባቡር ነበር የሚናገረው። ለሆድ ድርቀት "መስመር ተዘግቷል።" አስም ያለባቸውን አሮጊት "እማማ፣ ትንፋሽዎ ዳገት የያዘ ባቡር ነው፤ ከሰሉን እንቀንስለታለን" ቢላቸው፣ "እኔ ከሰል አልነግድም፣ የገበሬ ሚስት ነኝ" ብለው ተቆጥተው ወጡ። ቀዶ ጥገና ሲሠራ ያፏጫል። ነርሶቹ ፉጨቱ ሲቆም ነበር የሚፈሩት።

አንድ ጊዜ የታመሙ መነኩሴ ሊያክም በበቅሎ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደ። መንገድ ላይ ምን እንደታየው እንጃ፣ እንደ ባቡር ጥሩምባ ጮኸ። በቅሎዋ ጥላው ተፈተለከች። በእግሩ ደረሰ። መነኩሴው ዳኑ። በቅሎዋን ግን ያየ የለም።

ሐምሌ 12

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ከታፈረ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ተጣልተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከአንድ ትሪ በሉ። ስለ ሐዲዱ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ያን ብረት እኮ ባርኬዋለሁ" አሉ በመጨረሻ።

እውነት ነው። ታፈረ ጡረታ እንደወጣ ከብረት ነጋዴ ቁርጥራጭ ሐዲድ ገዝቶ በአይሱዙ አስመጣ። መሪጌታ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የመጣ መስሏቸው ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩ። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ሲነጠፍ አዩት። "መሪጌታ፣ የተባረከ ብረት አይመለስም" አላቸው ታፈረ።

ነገሩ ግን እብደት ብቻ አልነበረም። በክረምት ያ ዳገት ጭቃ ነው፤ ወላድ የያዘ ቃሬዛ ስንቴ ተገለበጠ። ሐዲድ ላይ ሲሆን ሦስት አራት ሰው ገፍቶ ያወጣል። የሚገፋውን "ፉርጎ" ነበር የሚለው። ለእኔ የብረት ጎማ ያለው አልጋ ነው። የምረቃው ቀን ከዞን የመጡ እንግዳ "ልሞክረው" ብለው ወጡበት፤ ማቆሚያው ተለቀቀና ቁልቁል ነጎዱ። ገብስ ማሳ ውስጥ ተገኙ። ደህና ነበሩ... ንግግሩ ብቻ ቀረ።

መሪጌታ ሲሄዱ በር ላይ ቆሙ። "ያን ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ጨለማ ዋሻ ሲያይ ታፈረ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ንጉሡ ይኼን ያህል ዐለት ፈልፍሎ ሐዲድ ሳያስገባ ተወው?' ላሊበላ ቅዱስ ነው እንጂ ባቡር ነጂ ነው? አልኩት።"

ሊስቁ ነበር። ዋጡት።

ሐምሌ 15

ቁፋሮው ተጀመረ። ጭቃው ግቢዬ ድረስ ወርዷል። ሐዲዱን በሚቀጥለው ሳምንት ያነሱታል።

ሐምሌ 16

ስለ ሞቱ እስካሁን አልጻፍኩም። ልጻፈው።

ልቡ እንደደከመ ከሁላችንም በፊት ያውቅ ነበር። እንሂድ ስለው "ሐኪሙ እኔ፣ የት ነው የምንሄደው?" ይላል። በፋሲካ ሳምንት ሞተ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሥጋ ጠግቦ መጣ። ጠዋት ትራሱን ሳስተካክልለት "ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ዘገየ" አለ። ማን እንደዘገየ ሳይነግረኝ ሄደ።

እንዲህ ይደረጋል?

ሐምሌ 21

ልብሴ ገና አልደረቀም።

ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ የግቢዬ በር ተደበደበ። ከደጋው የመጡ ሰዎች ናቸው። ቃሬዛው ላይ ስሜነሽ የምትባል ምጥ የያዛት ሴት። ከጠዋት ጀምሮ ተሸክመዋት፣ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አንዱ ተሸካሚ የተቆፈረው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ ወለቀ። ባሏ የሻው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ርሷል።

"እትዬ፣ የዶክተሩ ጋሪ ይሠራል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት። ነክቼው አላውቅማ።

የስሜነሽን ፊት አየሁት። ቀለም የለውም። ከግቢዬ በር አጠገብ የቆመውን ጋሪ ሸራ ገፈፍኩ። ጎማው ከፋሲካ ወዲህ ስላልተነቃነቀ ዝጎ ተጣብቋል። ወጥ ቤት ሮጬ ለፍልሰታ ያስቀመጥኩትን የኑግ ዘይት አመጣሁና አንቆረቆርኩበት። ጩኸቱን ሰምተው መሪጌታ ደረሱ። ጥምጥማቸውን ፈትተው ወገባቸውን አሰሩበት።

"ግፉ" ይሉናል መሪጌታ።

"እየገፋሁ ነው፣ ምን ላድርግ" ትላለች ስሜነሽ ከጋሪው ላይ።

"አንቺን አይደለም ልጄ፣ አንቺ ያዥው።"

"እንዴት አድርጌ ልያዘው?"

የሻው አንገቱን ደፋ። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ መሪጌታን አዳለጣቸውና ጋሪው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይለን ጀመር። ማቆሚያው የቱ ነው? ታፈረ ስንት ዓመት ሲያስረዳኝ ጆሮ ሰጥቼው አላውቅም። "በግራ በኩል፣ በእግር..." የሚለው ብቻ ትዝ አለኝ። ረገጥኩት። ያዘ። መሪጌታ ተነሡ፤ እንደገና ገፋን። ብረቱ መገጣጠሚያው ላይ ጠቅ... ጠቅ... ይላል። ያን ድምፅ ታፈረ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። አለቀስኩ መሰለኝ። ዝናብ ነው፤ ማንም አላየኝም።

ሰውአገኝ ከነጓንቱ እየሮጠ ተቀበለን።

ሐምሌ 22

ሴት ልጅ። በእግሯ መጣች። ስሜነሽ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ግን ተርፋለች።

ሰውአገኝን የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

"እትዬ፣ ሐዲዱ እኮ ትናንት ጠዋት ሊነሳ ነበር። ሠራተኞቹ ዝናብ ፈርተው ቀሩ እንጂ።"

"ስንፍናቸውን እግዜር ይባርክ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

የሻው ልጅቷን "ባቡሬ" ሊላት አስቧል። መሪጌታ "ቤት ውስጥ የፈለጋችሁትን በሏት፤ ባቡር የሚባል ቅዱስ ግን አላውቅም" አሉት።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ። ዘይት የለኝም። ጣውንቴ ጠጣችው።

ሰውአገኝ መጣ። "መንገዱ እስኪያልቅ ሐዲዱ ይቆያል። ችግሩ ማቆሚያውን የሚያውቅ ሰው የለንም" አለና ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ምን ታያለህ?"

"ምንም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው የመኪና ግሪስ አምጣ" አልኩት።

ነሐሴ 20

ዛሬም አንዲት ወላድ አወጣን። ወገቤ ተቆርጧል። "ፉርጎውን መልሱት" ብዬ ተናገርኩ። ፉርጎ... ታፈረ አልሰማኝም፤ ስለዚህ አልተሸነፍኩም።

መስከረም 4

ማኅሌት ደወለች።

"እማዬ፣ ዓመቱም ገባ። መቼ ነው የምትመጪው?"

"አልመጣም። ሥራ ይዣለሁ።"

"በዚህ ዕድሜሽ? የምን ሥራ?"

"ባቡር ነጂ ሆኛለሁ።"

"ሃሎ? ሃሎ?" አለች። ኔትወርክ ያበላሸው መስሏት ነበር።

"እማዬ... ሐኪም አይቶሻል?"

"ሐኪሙማ ሞተ" አልኳት።

ከወዲያ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው... ያ በአፍንጫ የሚጀምረው የአባቷ ሳቅ። እኔንም ያዘኝ። ከቀበርነው ወዲህ ስሙን አንስተን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ነገሩን ሁሉ ከጭቃው እስከ ኑግ ዘይቱ አጫወትኳት።

ለገና እሷ ልትመጣ ተስማማን።

"እኔንም ታሳፍሪኛለሽ?" አለች።

"አባትሽ ዕድሜ ልኩን በሰው ፊት ሲያሳፍረኝ ኖሯል፤ አሁን ተራው የኔ ነው" አልኳት።