ምስሩ ውስጥ የደበቅኩት

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? አንድ በአንድ የምጠይቅሽ “ሁላችንም ደህና ነን” በምትል መስመር እንዳታልፊኝ ነው። እኛ ሦስታችንም እግዜር ይመስገን አለን። ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፉ ግን የእህቴ ነው፤ “ደህና ነኝ” የሚለውም ሦስት ቦታ ተጽፏል። አንዴ ብቻ ቢሆን አምን ነበር። አብሮ በመጣው ፎቶ ላይም የታየ ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እንደምታውቂው እንጀራዬ መጠርጠር ነው። በልብስ ፋብሪካው የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እጅጌ እገለብጣለሁ፣ ቁልፍ እጎትታለሁ፣ የላላ ክር እፈልጋለሁ። የስፌት ክፍሉ ሴቶች “መርማሪው” ይሉኛል። ሙገሳ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮርቼበታለሁ።

አሁን የማወራሽ ስለ ልጅ ልጅሽ ነው። አራት ዓመት ሞላት፤ ሥጋ ግን በምንም ተአምር አትውጥም። ብንለማመጣት ታኝክና ጉንጯ ውስጥ ሸጉጣ ትዞራለች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ክብደቷ ስድስት ወር ሙሉ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ነርሷ ያለ ሥጋም ማደግ ትችላለች አለችን። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የለውዝ ቅቤ እያቀያየርን እንድንሰጣት፣ ምስርና ጎመን ስትበላ ብርቱካን ወይም ቲማቲም እንዳይለያት፣ ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር እንዳንሰጣት ነገረችን። ሚስቴ ቁጭ ብላ በወረቀት ጻፈችው። እኔ ነርሷን አየት አደረግኳት፤ ራሷ ቀጭን ናት፤ ጠረጠርኳት።

አንድ እሁድ ሚስቴ ፈረቃ ገብታ ሳለ ሥጋውን ሁለት ጊዜ ፈጭቼ ምስሩ ውስጥ ቀላቀልኩት። ዓይን ያለው ሰው አይለየውም ብዬ ነበር። ልጄ አሸተተችው፤ ከዚያ በማንኪያው ጀርባ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደፈጠጠችው። እማዬ፣ ቁርጥ እኔ ኮሌታ ስመረምር እንደማደርገው! ይሄ ምንድን ነው አለችኝ። ምስር ነው አልኳት። ሌላስ አለችኝ። ምስር ብቻ አልኩ። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የኔ እጅ የነካውን እርም አለች። እናቷ ስትሠራም አባዬ ነክቶታል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሙዝ እንኳ እኔ ከላጥኩት አትበላም።

ሁለታችንም ሥራ ስንሆን ልጅቷን የምትይዝልን ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናት። ምሳዋን ቋጥረን እንልካለን፤ እንዳለ ይመለሳል። ልጅቷ ግን ስትመጣ አልራባትም። ምን በላሽ ስላት፣ አልናገርም ብላ ትስቃለች። ከረሜላ ነው አልኩ በሆዴ። አፏን አሸተትኩ። ኪሷን ስፈትሽ ሁለት ጥሬ ሽምብራ አገኘሁ፤ ለማስረጃ ብዬ በመሀረብ ቋጠርኳቸው። አትሳቂብኝ። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ደግሞ አንድ ኪሎ ጨምራ ተገኘች፤ ሚስቴ ደስ ሲላት እኔ ብሶብኝ በስኳር ነው የወፈረችው አልኩ።

አንድ ቀን ጥርሴን አመመኝ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ፤ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሴትዮዋ ካሮቱን ከፍ አድርጋ ታሳያታለች፤ ልጅቷ ግባ ስትል ድስቱ ውስጥ ይገባል። ቲማቲሙም፣ ጎመኑም እንደዚያው። ሲበስል መጀመሪያ ሴትዮዋ ቀመሰች፤ ከዚያ ልጄ ሳህኗን ጠርጋ በላች፤ ብርቱካኗንም አስከተለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚስቴ ጽሑፍ ነው። ለካ ሚስቴና ሴትዮዋ ተመሳጥረዋል! የደበቁት ደግሞ ከኔ ነው፤ እጁን ካስገባ ያበላሸዋል ብለው።

ሴትዮዋ ጫማዬን ታቅፌ እንደቆምኩ አየችኝ። ምን ይገትርሃል፣ ግባና ታጥበህ ልቀም አለችኝ። ደግሞም ድስቱን ክፈትላት፣ ሌላ ምንም አትፈልግም አለችኝ። ለነገ የሚሆነውን ምስር ለቀምኩ። ልጄ የለቀምኩትን መልሳ ለቀመችና ሁለት ጠጠር አወጣችብኝ። ያን ጊዜ፣ የዚያን እሁዱ ምስር ሥጋ ነበረበት፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

አሁን ምስር ለቀማው የሁለታችን ሥራ ሆኗል። የሠራሁትን መብላት ጀምራለች፤ ግን መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ። ትናንት እንቁላልና ዱባ ሠራሁላት። ልቀምስ ማንኪያዬን ሳነሳ እሷ ቀድማኝ ጎረሰች። ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ እማዬ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ፤ አባባ አጠገብሽ አቀርቅሮ ቆሟል፤ ሻርፕሽ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጥሏል። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው፣ እናቴ አምሮባታል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ልጄ ናት ጣቷን ከሻርፑ ሥር አድርጋ ይሄ ምንድን ነው ያለችኝ። ከሻርፑ ሥር ብቅ ያለው ነገር ጫፉ ጎማ አለው። ምርኩዝ ነው። እኔ ስሄድ እቤታችን ምርኩዝ የሚይዝ ሰው አልነበረም። እንዳልጨነቅ ብለሽ መሆኑ አይጠፋኝም፤ እኔም ሥጋውን የፈጨሁት ለልጄ ብዬ ነበር። አሁን ግን ደህና ነኝ ስትዪኝ እንኳ መዋጥ አቃተኝ።

እህቴን ሳሚልኝ፤ ጽሑፏ አምሯል፤ ግን የነገርሻትን ብቻ ሳይሆን ያየችውንም ትጻፍልኝ። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ እሱ መደበቅ አይችልበትም፤ ፎቶው ላይ ያቀረቀረው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አክስቴንም ሰላም በይልኝ። ሚስቴ እጅ ትነሳለች። ልጅሽም፣ የልጅ ልጅሽም እንጠይቅሻለን፦ መቼ ወደቅሽ?

ልጅሽ መርማሪው
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ጥር ፲፰ ቀን