ቀጭኑ ድምፅ

ኮሎኝ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2018

ለልጄ ለስቬንያ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? እናንተ ጋ ዌሊንግተን አሁን ወደ በጋ እየሄደ ነው አሉ። እዚህ ጨለማው በጊዜ ይወርዳል። ትናንት ካርኒቫል ተከፍቶ ከተማው በሙሉ ቢራውን ይዞ አደባባይ ወጣ፤ እኔ መስኮቴን ዘግቼ ሲንተሳይዘሬን፣ ያን የድምፅ ማሽኔን፣ ስነካካ ዋልኩ። ጤናዬ ደህና ነው፣ ጉልበቴም አላስቸገረኝም። ግን የምነግርሽ ነገር አለና ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጻፈው።

ኤክሃርትን ታውቂዋለሽ፤ ከወጣትነታችን ጀምሮ ሸክላዎቼን ሲያሳትምልኝ አንድ ቀን ለምስጋና አፉን ከፍቶ አያውቅም። ከወር በፊት አዲሱን አልበም ልስማ ብሎ ውሻውን አስከትሎ መጣ። የመጀመሪያውን ሙዚቃ እንደከፈትኩት ውሻው ተነስቶ በሩ ጋ ቆሞ ይነጫነጭ ጀመር።

«ውሻህም ሐያሲ ሆነ?» አልኩት።

«እሱስ ተነሳ፤ እኔን ነው ይሉኝታ የያዘኝ» አለ። «ጌርኖት፣ ይሄ እኮ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነው። እንዴት አይሰማህም?»

«አርጅተሃል አንተ።»

«አዎ፣ አርጅቻለሁ። አንተስ ጎረምሳ ነህ? በል ሂድና ጆሮህን ተመርመር። ካልተመረመርክ አላሳትምልህም።»

ሄድኩ። ሐኪሟ ማዳመጫ አድርጋልኝ «ድምፅ ሲሰማዎት ይቺን ይጫኑ» አለችኝ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም አለ። ስጠብቅ ቆየሁና «ይቀጥሉ እንጂ» አልኳት።

«ጨርሰናል እኮ» አለችኝ።

ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሁሉ አልፈውኛል። የዕድሜም የሥራም ውጤት ነው፣ የሄደው አይመለስም አለች። ድንጋጤ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ትራም ተሳፍሬ፣ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አላዘንኩም፣ አልተናደድኩም። ከጆሮዬ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ልጅ ሆነሽ እግሬ ሥር ቁጭ ብለሽ «አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ስትይኝ «እየቀነስኩ» እልሽ ነበር። እውነቴን ነው። ማሽኑ መጀመሪያ የሚሰጠኝ ሁሉም ነገር ያለበት ሻካራ ጩኸት ነው። ከዚያ ላይ ቁልፉን በቀስታ እያዞርኩ እቀርፋለሁ። አንዳንዴ ሙሉ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ላይ ያልፋል። የማይፈለገው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ነው ሙዚቃ የምለው። ሰው «እየፈጠርክ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን ስቀርፍ ነው የኖርኩት። መቼ ማቆም እንዳለብኝ የሚነግረኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር። ላለፉት ዓመታት ግን ድምፁ የደበዘዘ እየመሰለኝ ቀጭኑን ድምፅ ከላይ ከላይ ስጨምር ከርሜአለሁ፤ ምላሱ የደነዘዘ ሰው ወጡ ላይ ጨው እንደሚደፋው። ባለፈው ገና ሳሰማሽ ጆሮሽን ይዘሽ «አባዬ፣ ያማል» አልሽኝ። እኔ ሥራው ያልገባሽ መሰለኝ። አንቺም ቀንሽ ሳይደርስ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

አሁን በዓይኔ ነው የምሠራው። ቀጭኑን ድምፅ ስክሪኑ ላይ እያየሁ ከአልበሙ ቆረጥኩት። ከዚያ የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን አከታትዬ ሰማሁ። ለእኔ አንድ ናቸው። ኤክሃርት ግን የተቆረጠውን ሰምቶ «አሁን ደግሞ ገደልከው» አለኝ።

«ታዲያ ልኩ የቱ ጋ ነው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ የኔም ጆሮ ያው የሽማግሌ ነው። ልጅህን አትጠይቃትም?»

ሁለቱንም በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። እዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራሽ ድምፅ ማስተካከል አይደል? የላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ አንቺ አስተካክዪው። በሥራዬ ማንም እጁን አስገብቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። ካልፈለግሽም አላዝንብሽም፤ አልበሙ ይቀራል። ይህንንም ለኤክሃርት ነግሬዋለሁ።

ደግሞ ስልኩ። ስትደውዪ የማላነሳው በገናው ነገር ተቀይሜሽ ይመስልሻል። አልተቀየምኩሽም። ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳሁት በፋሲካ ሰሞን ነበር። ብዙ ተናገርሽ፤ ድምፅሽ መሆኑን አውቄአለሁ፣ ቃሉ ግን አልደረሰኝም። መስመሩ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በመጨረሻ የሆነ ነገር ጠይቀሽኝ ዝም አልሽ፤ መልስ እየጠበቅሽ እንደሆነ ገባኝ። «እሺ» አልኩሽና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ እንጂ እጄን አልሰድም።

የዌሊንግተን ነፋስ ይራራልሽ፤ ቤትሽን ሙቀት አይለየው። ያን ቀን የጠየቅሽኝ ምን እንደነበር ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ እሺ ብያለሁ።

አባትሽ
ጌርኖት